ሰውን በምን እንለካዋለን?

በሠልጣኞች መካከል የፊልም ወሬ ሲነሣ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን ‹‹ፊልም የሥራ ፈት መዋያ ነው፤ ለመምህርነት የሚያዘጋጀን የማስተማር ዘዴ እንጂ የሮቦት ተኩስ አይደለም›› ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ‹‹ደስ ያለኝን አየሁ፣ ማንን ጎዳሁ?›› ብሎ ያልፈዋል። በበኩሌ ሁለቱም አንድ ቁም ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። የሳይንስ ልብ ወለድ ከሚባሉት ፊልሞች መካከል ጥሩ ጥሩዎቹን ብንወስድ፣ ስለ ጠፈር መርከብና ስለ ማሽን የሚያወሩ መስለው የሚያነሡት ጥያቄ፣ እኛው ነገ በየክፍሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን የምንመልሰውን ነው። ጥያቄውም፦ ሰውን በምን እንለካዋለን? ለካሁ ባዩንስ ማን ይለካዋል? የሚል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከቃሉ እንጀምር። ‹ሮቦት› የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 በጻፈው ተውኔት ነው። ቃሉ የመጣው ‹ሮቦታ› ከሚለው የቼክ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ ጭሰኛ ለጌታው በግዳጅ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። በእኛም አገር ገበሬው የባለሥልጣኑን ሁዳድ በግዳጅ ያርስ እንደነበረው መሆኑ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ሮቦቶቹ የብረት ክምር አልነበሩም፤ ሰው መስለው በፋብሪካ የተሠሩ ሠራተኞች ነበሩ። እንግዲህ ጥያቄው ከመነሻው የጌታና የሎሌ ጥያቄ ነበር። ‹‹ይሄኛው ሰው ነው፣ ያኛው ግን ለሥራ ብቻ የተፈጠረ ነው›› ብሎ የሚለየው ማነው? በምንስ ለየው?

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ካነሡት ፊልሞች አንዱ ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ‹ብሌድ ራነር› ነው። መነሻው ፊሊፕ ዲክ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2019 በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው፤ ያኔ ሩቅ የነበረው ዓመት ዛሬ ከኋላችን ቀርቷል። አንድ ትልቅ ኩባንያ በመልክም በንግግርም ከሰው የማይለዩ ሬፕሊካንት የሚባሉ ፍጡራንን እየሠራ ወደ ሌሎች ዓለማት ለባርነት ሥራ ይልካል። ዕድሜያቸው 4 ዓመት ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። አምልጦ ወደ ምድር የተመለሰ ካለ ልዩ ፖሊስ አሳዶ ይገድለዋል። የሚገርመው፣ ግድያው ‹መግደል› አይባልም፤ ‹ጡረታ ማውጣት› ነው የሚባለው። ስም በመለወጥ ብቻ ኅሊናን ማስተኛት እንደሚቻል ልብ በሉ።

ታዲያ በመልክ ካልተለያዩ በምን ይለያሉ? በፈተና! ተፈታኙ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መሣሪያው የዓይኑን ብሌን አጉልቶ ያሳያል፤ ፈታኙ ይጠይቃል። ለምሳሌ በበረሃ አንዲት ኤሊ በጀርባዋ ተገልብጣ በፀሐይ ስትቃጠል አይተህ አላነሣሃትም እንበል፤ ለምን? ይለዋል። የሚለካው መልሱ ሳይሆን ርኅራኄው ነው፤ ዓይኑ ካልደነገጠ ሰው አይደለም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 20 ወይም 30 ጥያቄ ይበቃል። ሬቼል የምትባለው ሴት ግን ከ100 በላይ ጥያቄ አስፈልጓታል፤ ሰው አለመሆኗን እርሷ ራሷ አታውቅምና። ይህቺው ሬቼል በኋላ ፈታኟን ዴካርድን፣ ‹‹አንተስ ይህን ፈተና ተፈትነህ ታውቃለህ?›› ብላ ትጠይቀዋለች። ዴካርድ መልስ የለውም።

ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ላይ ነው። ርኅራኄን በመሣሪያ የሚለካው ሰው፣ የምትሸሽ ሴት ከጀርባዋ ተኩሶ ሲጥል እናየዋለን። ርኅራኄ የለውም የተባለው ሬፕሊካንት ሮይ ባቲ ግን ሊሞት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከሕንፃ ጫፍ ሊወድቅ የተንጠለጠለውን አሳዳጁን እጁን ይዞ ያወጣዋል። ፈተናው ይህን የሚመዘግብበት ሣጥን የለውም። ፈተና የተዘጋጀበትን ነገር ብቻ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የአንድሩ ኒኮል ‹ጋታካ› ነው። ስሙ የተገጣጠመው የዘር ቅንጣታችን የተጻፈባቸውን አራት ኬሚካሎች ከሚወክሉት ፊደላት ነው። በዚያ ዓለም ሰው የሚለካው ገና ሲወለድ በደሙ ነው። ቪንሰንት የሚባለው ልጅ በተወለደ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የልብ በሽታ የመያዝ ዕድሉ 99 በመቶ፣ ዕድሜውም 30.2 ዓመት ይሆናል ተብሎ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢያጠና በሩ ዝግ ነው። የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሉት ሽንት መስጠት ብቻ ነው። የጠፈር ተጓዥ መሆን የሚመኘው ልጅ የጠፈር ድርጅቱ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ታናሽ ወንድሙ አንቶን ደግሞ ዘሩ በሐኪም ተመርጦ የተወለደ፣ በቁመትም በጉልበትም የሚበልጠው ነው። እኛ ዘንድ ‹‹ፊት ከወጣ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ›› ይባላል። የዚህ ፊልም ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ባሕሩ መካከል እየዋኙ ሲወዳደሩ፣ በመጨረሻ የደከመውና ሊሰጥም የነበረው ቀንዱ ነው፤ ያወጣውም ጆሮው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። ቪንሰንት ያሰበው ላይ የደረሰው የሌላ ሰው ደምና ሽንት እያቀረበ፣ በሌላ ሰው ስም ነው። በግልጽ አማርኛ ኩረጃ ነው! ‹‹ታዲያ ፊልሙ ኮርጁ ነው የሚለን?›› ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በዚያ ላይ ልቡ በጉዞው መካከል ቢያቆምበት አብረውት ያሉት ሰዎችስ ምን ሊሆኑ ነው? በእኔ ግምት ፊልሙ ኩረጃን አይባርክም። የሚኮርጅ ተማሪ ያልሠራውን ሥራ ሠራሁ የሚል ነው። ቪንሰንት ግን ያጠናውም እርሱ ነው፣ ያሰላውም እርሱ ነው፤ የተበደረው ወደ ፈተናው የሚያስገባውን በር ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ውሸት መሆኑ አልቀረም። ግን ውሸቱን የወለደው ሥራን ሳያይ ሰውን የሚያባርር ሚዛን ስለሆነ፣ ጥፋቱን ስንቆጥር ሚዛኑንም ከነሠሪው መቁጠር አለብን። በመጨረሻም የድርጅቱ ሐኪም እውነቱን እያወቀ ቪንሰንትን ያሳልፈዋል። ሐኪሙ የራሱ ልጅም ሚዛኑ የተነበየለትን ሆኖ አልተገኘም። ፈታኝ እንዲያስተውል ሚዛኑ ቤቱ ድረስ መምጣት ነበረበት።

ሦስተኛው ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ‹2001› በሚል ቁጥር የሚጀምረው ፊልም ነው። ወደ ጁፒተር የምትጓዘውን መርከብ የሚቆጣጠረው ሃል 9000 የሚባል ኮምፒዩተር ነው። ሃል አንድ የመገናኛ ዕቃ ሊበላሽ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ዕቃው ተፈትቶ ሲታይ ምንም አልሆነም። በምድር ያለው የእርሱው መንትያም ‹ሃል ተሳስቷል› ይላል። ሃል ግን የእርሱ ዓይነት ኮምፒዩተር ተሳስቶ እንደማያውቅ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ሁልጊዜ የሰው እንደሆነ ይናገራል። ሊያጠፉት መምከራቸውን ሲያውቅ ከ5ቱ ተጓዦች 4ቱን ይገድላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ‹‹ማሽን ክፉ ነው›› ብሎ ይወጣል። እኔ ግን የሃል በሽታ ብረትነቱ አይመስለኝም። በሽታው ‹እኔ አልሳሳትም› ማለቱ ነው። ኧረ ይህ በሽታ የደም ሥር ያለውንም ይይዛል!

‹‹ይህ ሁሉ ተረት ነው›› ለሚል የእውነት ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሳይሰጥ ቀረ። መምህራን ለየተማሪዎቻቸው ይገባል ያሉትን ውጤት ገምተው ላኩ። የፈተናው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን ግምቱ እንዳይጋነን ብሎ በኮምፒዩተር ቀመር አስተካከለው። ቀመሩ የየትምህርት ቤቱን ያለፉት ዓመታት ውጤት ያስገባ ነበር። ይህም ማለት አንድ ጎበዝ ልጅ ደካማ ትምህርት ቤት በመማሩ ብቻ ወደ ታች ሊጎተት ይችል ነበር፤ ቪንሰንት በደሙ እንደተለካ ይህኛው በሰፈሩ ተለካ። ኦገስት 13 ቀን ውጤቱ ሲገለጽ መምህራኑ ከላኩት ግምት 39 በመቶ ያህሉ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ኦገስት 17 ቀን ቀመሩ ተሽሮ ከሁለቱ የተሻለው ውጤት እንዲያዝላቸው ተወሰነ። ያ ስሕተት የታረመው በ4 ቀን ውስጥ ‹‹ለምን?›› ብሎ የጠየቀ ስለተገኘና የሚመልስ አካል ስለነበረ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሰምተን ‹‹ሚዛኑ ይሰበር›› የምንል ካለን ተሳስተናል። ትኩሳት የሚያሳየውን ቴርሞሜትር መስበር በሽተኛውን አያድንም። ቁጥሩ ስለ ማስተማራችን፣ ስለ መጻሕፍታችን፣ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን መራራ እውነት ተናግሯል። ግን ደግሞ የቀሩት 96.7 በመቶ ልጆች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አልተናገረም፤ ሊናገርም አይችልም። ‹ወደቁ› የሚለው ቃል የፈተና ቃል ነው፤ የሰው ስም ሲሆን ግን ልክ እንደዚያ ‹ጡረታ› እንደሚሉት ሌላ ነገር መሸፈን ይጀምራል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ምን ይላሉ መሰላችሁ? ‹‹እንዲያውም ማሽን ይሻላል። ማሽን ዘመድ የለውም፤ በጽሕፈት ውበት አይታለልም፤ ፊት ወንበር ለሚቀመጥ አያደላም።›› እውነት አላቸው። ምርጫ ያለበት ጥያቄ ማረም ለማሽን ቢሰጥ እኔም አልቃወምም። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ድርሰት ጭምር አርማለሁ እያለ መጥቷል። ነገር ግን ማሽን አድልዎን የማያውቀው ሠሪዎቹ ወይም የተማረበት መረጃ ካላስተማሩት ነው፤ የእንግሊዙ ቀመር ዘመድ ሳይኖረው አላዳላምን? ስለዚህ ልዩነቱ በብረትና በሥጋ መካከል አይደለም። ልዩነቱ ‹‹ለምን 4 ሰጠኸኝ?›› ሲባል በሚመልስና በማይመልስ መካከል ነው። የማይመልስ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሃል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን በአንድ መስመር እንጻፍ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ከባድ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ለሁሉም ባይቻል በየሳምንቱ ለ10 ልጆች ይቻላል። ሁለተኛ፣ የታረመ ወረቀት መልሰን፣ ልጁ ‹‹ቲቸር፣ ይሄ ልክ ነው›› ብሎ እንዲከራከር ጊዜ እንስጠው። ልክ ሆኖ ከተገኘ ማርኩን መጨመር ውርደት አይደለም። ሦስተኛ፣ ‹ሰነፍ› የሚለውን ቃል ለሥራው እንጂ ለልጁ አንስጥ። ‹‹ይህ ሥራ ስንፍና አለበት›› ሲባል ነገ ሊስተካከል ይችላል። ‹‹አንተ ሰነፍ ነህ›› ሲባል ግን ዕድሜው 30.2 ዓመት ነው እንደተባለው ሕፃን ነው የምናደርገው።

አራተኛው የሚመለከተው እኛን ብቻ አይደለም። የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ለልምምድ ስንወጣ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጣችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ተመልክታችሁ ፎርም ትሞላላችሁ። ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ድምሩ ብቻ ነው። ፎርሙ ከተሞላ በኋላ ሠልጣኙና ገምጋሚው 10 ደቂቃ ብቻ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ፣ ስለ ማስተማር ዘዴ ከብዙ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ እንማራለን። ነገ ለሕፃናቱ ‹‹ለምን?›› ብለው ቢጠይቁን እንድንመልስ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ዛሬ እኛ ስንጠይቅ ሲመለስልን እንየው። ይህን ስል ማርክ ይጨመርልን ማለቴ አይደለም፤ ዝቅ ያለውም ዝቅ ያለበት ምክንያት ይነገረው ማለቴ ነው።

የተቋማችን የሠልጣኞች ክበብም ከሦስቱ ፊልሞች አንዱን፣ በተለይ ‹ጋታካ›ን፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሳይቶ ውይይት ቢከፍት መልካም ነው እላለሁ። ሐኪሙ ቪንሰንትን ማሳለፉ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? በሚለው ብቻ እስከ ራት ሰዓት እንደምንከራከር አልጠራጠርም። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የማይስማማ ካለም በሚቀጥለው እትም ይጻፍበት፤ ለካሁ ባይ መለካት አለበት ብያለሁና።