ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ዕቁቡ ይጠይቅ

እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ ዛሬ በግልጽ እንነጋገር። ከመካከላችን አፍንጫዋን ለማሠራት ገንዘብ የምታጠራቅም አለች። ሦስት ልጆች ከወለደች በኋላ የላላውን የሆዷን ቆዳ ማስነሣት የምትፈልግ አለች። ኢስታንቡል ደርሶ ፀጉሩን አስተክሎ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ የተመለሰ ወንድምም አለ፤ «ብርድ መታኝ» ይለናል፣ እኛም እያወቅን «እግዜር ይማርህ» እንለዋለን። ብዙዎቻችን ገንዘቡን የምናገኘው ከዕቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣ እልል እንላለን፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንጠይቅም። «ለቤት ዕቃ ነው» ካለች ለቤት ዕቃ ነው።

የምጠራችሁ ይህን ዝምታ እንድንሰብር ነው። መሠራት የፈለገ ይሠራ፤ የአዋቂ ሰው ገላ የራሱ ነው፣ ፍርዱ የእኔም የጎረቤትም አይደለም። ነገር ግን የደበቀች ሴት ጓደኛዋን አትጠይቅም። ጓደኛዋን ስላልጠየቀች ቲክቶክን ትጠይቃለች፤ ቲክቶክ ደግሞ የሚያሳያት መብራቱ ተስተካክሎ፣ ሥራው በተሠራ በሳምንታት ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ነገሩ ቢበላሽም ለማንም ትንፍሽ አትልም፤ ስለዚህ ያው የሠራት ሰው ነገ ሌላዋን ያስተኛል። ብቃት የሌለው ሰው ከምንም በላይ የሚያተርፈው ከእኛ እፍረት ነው።

ልጃችን ስትታጭ እኮ ሰባት ቤት ድረስ ዘር እንቆጥራለን፤ የአማቹን አያት ጠባይ ሳይቀር እናስጠይቃለን። ማደንዘዣ ወግቶ ሆዳችንን ለሚከፍት ሰው ግን የት እንደተማረ እንኳ አንጠይቅም።

ይህ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሙያ በሳምንት ሥልጠና የሚያዝ አይደለም። ዘመናዊ መልኩን የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የተነደለ ወታደሮችን ለመጠገን ሲባል ነው። ኒውዚላንድ የተወለደው ቀዶ ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ እ.ኤ.አ. በ1917 በእንግሊዝ ሲድከፕ በተከፈተው ሆስፒታል ቆዳን ከአንዱ የገላ ክፍል ወደ ሌላው እያሸጋገረ አፍንጫና አገጭ ሠራ። አዲስ አበባ ላይ በየካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠለ ሕፃን ቆዳ የሚጠግነው፣ በአለርት የሥጋ ደዌ ያቆለመመውን ጣት የሚያቃናው ይኸው ሙያ ነው። በአሜሪካ ፕላስቲክ ሰርጅን ለመሆን ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ ቢያንስ ስድስት ዓመት ሥልጠና ይጠይቃል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ለዚህ ዘርፍ ራሱን የቻለ ፈተና አለው። ይህን መንገድ የሄደ ሐኪም ሲጠየቅ አይከፋውም። ጥያቄ የሚያስቆጣው ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሡና ውጡ።

አሳሳቹ ነገር ይህ ነው፦ በአሜሪካም በብሪታንያም «ኮስሜቲክ ሰርጅን» የሚለውን መጠሪያ ይህን ሥልጠና ያልወሰደ ሐኪም በራፉ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ «ቦርድ ሰርቲፋይድ ነኝ» ሲላችሁ «የየትኛው ቦርድ?» በሉት። መልሱ በ1937 የተቋቋመው የአሜሪካ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ መሆን አለበት፤ ስሙ የሚመሳሰል ሌላም አለ፣ እሱን ዋናው የስፔሻሊቲ ቦርዶች ጉባኤ አይቀበለውም። የክፍለ ግዛቱ የሕክምና ቦርድ ሐኪሙ ተቀጥቶ ያውቅ እንደሆነ ያሳያችኋል። ለንደን ያላችሁ የጠቅላላ ሕክምና ካውንስሉን የስፔሻሊስቶች መዝገብ እዩ። እስራኤል ያላችሁ የጤና ሚኒስቴሩን፣ ዱባይ ያላችሁ የከተማዋን ጤና ባለሥልጣን መዝገብ መመልከት ትችላላችሁ፤ ክፍት ነው፣ ስም ማስገባት ብቻ ነው የሚፈልገው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሁለት ፈቃድ ጠይቁ፦ የባለሙያውንና የቤቱን። የባለሙያው ፈቃድ ስፔሻሊቲውን ይናገራል፤ የቤቱ ደግሞ ለምን ዓይነት አገልግሎት እንደተፈቀደ ይናገራል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ቆማችሁ አንብቡት፤ ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም በላይ ሐኪሙን ይፈትነዋል፦ «ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በየትኛው ሆስፒታል እንድትሠራ ተፈቅዶልሃል?» የግል ክሊኒክ ያለው ሰው በራሱ ቤት የፈለገውን ሊሠራ ይችላል። ሆስፒታል ግን የሐኪሙን ሥልጠና ሳያይ ክፍሉን አይከፍትለትም። መልሱ ከተንዛዛ ነገሩ አልቋል።

ፀጉር ቤት ውስጥ በመርፌ ስለሚሰጠው ነገርማ ምን ልበል? ፊለር በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፤ ዓይን እስከማሳወር ይደርሳል። በብዛት የሚወጋውን የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል፤ የሚወጋው ሰው ይህ መድኃኒት ከጎኑ ከሌለና አጠቃቀሙን ካላወቀ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን አትንበርከኩ።

አሁን በኅብረት መቆም ምን እንደሚሠራ እንይ። ፒፕ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሰው ገላ ያልተፈቀደ፣ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሲሊኮን በጡት ማስገቢያ ከረጢት ውስጥ እየሞላ ለዓመታት ሲሸጥ ኖረ። ጉዱ በ2010 ሲወጣ በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሴቶች በገላቸው ተሸክመውት ነበር። እያንዳንዷ ለብቻዋ ብትቀር ኖሮ «የአንቺ ገላ ነው ያልተቀበለው» ተብላ በተሸኘች ነበር። ግን ተሰባሰቡ። በ2013 ማርሴይ ላይ ችሎት ሲቀመጥ ከሳሾቹ ከ5,000 በላይ ስለሆኑ የተለመደው ፍርድ ቤት አልበቃቸውም፤ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ተከፈተላቸው። የኩባንያው መሥራች አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በአሜሪካም እንዲሁ። በማርች 2019 የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ስለ ጡት ማስገቢያ በጠራው የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ሴቶች ተራ በተራ ቆመው ገላቸው ላይ የደረሰውን ተናገሩ። በኦክቶበር 2021 መሥሪያ ቤቱ ሐኪምና ታካሚ አንድ በአንድ አንብበው የሚፈራረሙበት የአደጋ ዝርዝር ግዴታ እንዲሆን አደረገ፤ ከረጢቱ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ እንዳልሆነም በግልጽ እንዲነገር አዘዘ። የዘፋኙ የካንዬ ዌስት እናት፣ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶንዳ ዌስት፣ በ2007 ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ማግሥት አረፉ። ዘመዶቻቸው ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ሕግ አውጪዎች ሄዱ፤ በ2009 ካሊፎርኒያ ማንም ሰው ለውበት ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ጤናው ተመርምሮ ለቀዶ ሕክምናው ብቁ መሆኑ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ በስማቸው አወጣች። በር የከፈቱልን እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን በሩን እያለፍን ወደ ርካሹ ቤት እንሮጣለን።

ርካሹ ቤት ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር ነው። ከ2009 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ብቻ 93 የአሜሪካ ዜጎች ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላይ ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሞተዋል። በየትኛውም አገር ጎበዝ ሐኪም አለ፤ ፓስፖርቱን አይደለም የምነቅፈው። የምጠይቀው ይህን ነው፦ በአሥረኛው ቀን ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ያያችኋል? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ መጓዝ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ቢቢኤል የሚባለው፣ ስብን ከሆድ መጥጦ ወደ መቀመጫ የሚያስገባው ሥራ ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ስቡ ጡንቻ ውስጥ ባለው ትልቅ ደም ሥር ገብቶ ሳንባን እየዘጋ ስንቱን በጠረጴዛ ላይ ስላስቀረ፣ የብሪታንያ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 አባላቱ እንዳይሠሩት መክሮ ነበር፤ ፍሎሪዳ በ2022 አንድ ሐኪም በቀን ከሦስት በላይ እንዳይሠራ ከልክላለች። በቀን ሦስት ይበቃል ብሎ ሕግ ማውጣት ካስፈለገ ከሕጉ በፊት ስንት ይሠራ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ እንምጣ። ብቻችሁን አትሂዱ። እህት፣ የዕቁብ ጓደኛ፣ ባል፣ ማንም ይሁን፣ ጆሮና እስክሪብቶ ያለው ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ የፈራ ሰው ከሰማው ግማሹን አይዝም። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አሜሪካ ያላችሁ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጃችሁን ለዚህ አትውሰዷት። ያነጋገራችሁ ራሱ ሐኪሙ ነው ወይስ «አማካሪ» የሚባል ሻጭ? የብሪታንያ ጠቅላላ ሕክምና ካውንስል በ2016 ባወጣው መመሪያ ፈቃዳችሁን የሚጠይቀው ሥራውን የሚሠራው ሐኪም ራሱ እንዲሆን፣ ለማሰቢያም ጊዜ እንዲሰጣችሁ ደንግጓል። «ዛሬ ቀብድ ካስያዝሽ ይቀነስልሻል» የሚል ቤት ሐኪም ቤት ሳይሆን ገበያ ነው።

ታሪካችሁን ጽፋችሁ ውሰዱ፤ አንዳች አትደብቁ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ያቀጥናሉ። በእንክብል የምትወስዱት ነጭ ሽንኩርትና ሌላውም የባህል መድኃኒት ይነገረው። ጫት ትቅማላችሁ? የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ማደንዘዣ ሰጪው ማወቅ አለበት። ሲጋራም ሺሻም ያው ነው፤ ኒኮቲን ደም ሥርን ስለሚያጠብ የተሰፋው ቆዳ ጥቁር ሆኖ ሊሞት ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ለሳምንታት መቆም አለበት። ሐኪሙ የንስሐ አባት አይደለም፣ አይቆጣችሁም፤ ብትደብቁት ግን ገላችሁ ይናገራል። ዐቢይ ጾምን የምትጾሙም ብትሆኑ ንገሩት፤ ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ወይ ቀኑ ይቀየር፣ ወይ ሽሮውና ምስሩ ታስቦበት ይጨመር። ጆሯችሁን ስትበሱ ጠባሳው ያበጠባችሁ፣ የክትባት ምልክታችሁ ወፍሮ የቀረባችሁ ከሆናችሁ ይህን ከምንም በፊት ንገሩ። ኬሎይድ የሚባለው ይህ ጠባሳ እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ ሲያሳያችሁ የእናንተን ዓይነት ቆዳ፣ ዓመት የሞላው ጠባሳ ጠይቁ። ሁሉም ፎቶ የፈረንጅ ከሆነ ለእናንተ ገና ምንም አላሳያችሁም።

ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማነው? ጠረጴዛው ላይ ልቤ ቢቆም ወደየትኛው ሆስፒታል ነው የምወሰደው? ሥራው ቢበላሽ የማስተካከያውን ማን ይከፍላል? እነዚህን ጠይቁና መልሱን አብራችሁ የሄደችው ትጻፈው። ሊፖሰክሽን ክብደት መቀነሻ እንዳልሆነም ከሐኪሙ አፍ ስሙ፤ ነው ካላችሁ ዋሽቷችኋል። «ይህ ለአንቺ አይሆንም» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ደግሞ አትቀየሙት። ከሁሉም የምታምኑት እሱን ይሁን።

አሁን ሥራው። ዕቁብ ያላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ወስኑ፦ ዕጣዋ ወጥቶ ለቀዶ ሕክምና የምታስብ አባል ካለች ምስጢሯ ተጠብቆ ሁለት ሴቶች አብረዋት ፈቃድ ያጣሩ፣ ሁለት ሐኪም ዘንድ አብረዋት ይሂዱ። ይህ ቁጥጥር አይደለም፤ አትሠሪም ማለት አይፈቀድላቸውም። የተጎዳች ካለች ክሷን ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ እናስገባላት፣ ምስክርም እንሁንላት። የአገራችን የጤና ባለሥልጣናትም የእያንዳንዱ ሐኪም ስፔሻሊቲ ማንም በእጅ ስልኩ በየቋንቋው የሚያጣራው እንዲሆን በፊርማ እንጠይቃቸው።

በሚኒሶታ፣ በቴል አቪቭ፣ በቤይሩት፣ በአዲስ አበባ ያላችሁ ነርሶችና የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ እናንተን በተለይ እጠራለሁ፤ የቀዶ ክፍሉን ቋንቋም የእኛንም ታውቃላችሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሁን በመስጊድ ወይም በኮሙኒቲ ማእከል፣ ተቀምጣችሁ ጥያቄ መልሱ። እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፉልን፤ እናባዛዋለን፣ በየፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ እንለጥፈዋለን። ፊለር የሚወጋበት ፀጉር ቤት ካለማ መጀመሪያ የሚለጠፈው እዚያ ነው።