ከጣቱ በፊት እሬቱ ይጣል

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ንፍጡንስ እሺ ብለን እንጠርግለታለን፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ሲከት ግን ትዕግሥታችን ያልቃል። «አንተ! አውጣ!» በሚል ቁጣ ተጀምሮ በእሬትና በሚጥሚጣ ይደመደማል። ለመሆኑ ጣት መጥባት ምን ያህል ከባድ ጥፋት ቢሆን ነው በሦስትና በአራት ዓመት ልጅ ላይ ይህን ያህል ዘመቻ የሚከፈተው? በበኩሌ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። ጊዜው ሲደርስ መተው ያለበት ልማድ መሆኑን ግን እቀበላለሁ። የማልቀበለው የምናስጥልበትን መንገድ ነው።

መቼም የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ጣት የሚጠባ ልጅ ባየ ቁጥር ፍሮይድን ሳይጠራ አያልፍም። እውነት ነው፣ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ሥራው ጣት መጥባትን በምሳሌነት ተጠቅሞበታል። ይሁን እንጂ የተማርነውን ይዘን በየሰፈሩ «ይሄ ልጅ የአፍ ደረጃ ላይ ቀርቷል» እያልን ፍርድ ብንሰጥ ለእናቲቱ ጭንቀት ከመጨመር በቀር የምንፈይደው የለም። ነገሩ ከዚያ ይቀላል። ልጅ ገና ማኅፀን ውስጥ እያለ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ ይታያል። ከተወለደ በኋላም ሲደክመው፣ እንቅልፉ ሲመጣ፣ ሲፈራ ወይም ሲሰለቸው ራሱን የሚያባብልበት ነው። እናቱ ባትኖር ጣቱ አለ።

አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ይተዉታል። የጥርስ ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ልማዱ ቋሚ ጥርስ መብቀል እስከሚጀምርበት እስከ 6 ዓመት አካባቢ ሲዘልቅ ነው። አጥብቆና ለረጅም ሰዓት የሚጠባ ልጅ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ ሊገፉ፣ አፉን ሲገጥምም የላዩና የታቹ ሳይነካኩ ክፍት ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ በ2 ዓመት ልጅ ላይ መጮህ ያለ ጊዜው ነው፤ የ5 ዓመቱን ደግሞ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም። በመካከሉ ልጁን የምንረዳበት በቂ ጊዜ አለ።

ይህን ጉዳይ እንዳነሳ ያደረገኝ በምኖርበት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ሰፈራችን አዲስ ነው፤ ሰዉ በዕጣ ነው የተገናኘው። ብዙው ቤተሰብ ልጅ ይዞለት የነበረውን ዘመድና የሚያውቀውን ጎረቤት መሐል ከተማ ትቶ ነው የመጣው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ሳሪስ፣ ከዚያም አልፎ ለመሄድ ትራንስፖርት ትሰለፋለች። ልጁ ከቤት ሠራተኛ ጋር ይውላል፤ ሠራተኛ ከጠፋ ደግሞ ከጎረቤት ጋር። ማታ እናቱ ስትገባ እሱን እንቅልፍ ይዞታል። እንግዲህ ይህ ልጅ ጣቱን ቢጠባ ምን ይገርማል?

የኮንዶሚኒየም ኑሮ ደግሞ ሁሉም የሁሉን የሚያይበት ነው። አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ከአራተኛ ፎቅ እስክትወርድ ድረስ ስንት ሰው እንደሚናገራት ሰምቻለሁ። አንዷ እናት «ኧረ ሚሚ፣ ነውር ነው!» አሏት። ሱቅ የሚሠራው ልጅ «ጣትሽን በልተሽ ልትጨርሺው ነው?» ብሎ ሰዉን አሳቀባት። አንድ አባት ደግሞ «ቆይ፣ መርፌ የሚወጋው ዶክተር ይመጣልሻል!» አሉ። ማንም በክፋት አልተናገረም። ልጅቷ ግን አንገቷን ደፍታ አለፈችና ግቢው ውስጥ ስትደርስ ጣቷን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ያሳፈርናት ልጅ ለመጽናናት ወደምታውቀው ነገር ሄደች ማለት ነው። መድኃኒት ነው ያልነው ማሸማቀቅ ራሱ ልማዱን ይቀልበዋል።

ማስፈራራት የእኛ ብቻ አመል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1845 በታተመው የጀርመናዊው ሐኪም የሃይንሪሽ ሆፍማን የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ጣቱን አልተውም ያለው ልጅ አውራ ጣቶቹን በትልቅ መቀስ ይቆረጣል። እኛ እስከ መቀስ አልደረስንም፤ እሬት ግን አለን።

«እኛስ በእሬት አይደል እንዴ ያደግነው? ምን ሆንን?» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ይባልልኝ። አንደኛ፣ አብዛኛው ልጅ በዚያ ዕድሜ በራሱ የሚተወው ስለሆነ በዚያው ሰሞን የተደረገው ሁሉ መድኃኒት መስሎ ይታያል። እሬት የተቀባውም ተወ፣ ያልተቀባውም ተወ፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን እሬቱ ነው። ሁለተኛ፣ እሬት የታወቀው ጡት በማስጣል ነው። ጡት ግን የእናት ነው፤ እናት ልትሸፍነው፣ ልትርቅ ትችላለች። ጣት የልጁ የራሱ አካል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከእሱ ጋር ያድራል። ሚጥሚጣውማ ይባስ ብሎ በዚያው ጣት ዓይኑን ሲያሽ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ጣቱ ቆሻሻ ነውኮ፣ ወስፋት...» ለሚለው ሥጋት መልሱ ሳሙናና ውሃ ነው።

ሌላው ችግር የእኛ አለመስማማት ነው። እናት ትከለክላለች፣ ሠራተኛዋ እንዲተኛላት ብላ ዝም ትላለች፣ አያት ሲመጡ «ተዉት፣ ምን አደረጋችሁ!» ይላሉ። ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው እንዳሳዩት፣ አንዳንዴ ብቻ ዋጋ የሚያገኝ ባሕርይ ሁልጊዜ ዋጋ ከሚያገኘው ይልቅ ለመጥፋት አስቸጋሪ ነው። አንድ ቀን እየፈቀድን አንድ ቀን እየተቆጣን ልማዱን እያጸናነው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ሳይናገሩ ማየት ነው። ልጁ መቼ ነው የሚጠባው? ቴሌቪዥን ሲያይ? እናቱ በሩን ዘግታ ስትወጣ? ምክንያቱ ከታወቀ እዚያው ላይ መሥራት ይቻላል፤ ሲሰለቸው የሚጠባውን ልጅ እጁን ሥራ ማስያዝ፣ ሲከፋው የሚጠባውን ማቀፍ ነው። ቀጥሎ ልጁን ራሱን ማማከር ነው። አራት ዓመት የሞላው ልጅ «ጥርስህ እንዳይጣመም አብረን እንተወው?» ሲባል ይገባዋል። እሺ ካለ መለማመጃ ይሰጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አዝሪንና ነን ባቀረቡት ልማድን የመቀየር ዘዴ መሠረት፣ ጣቱ ወደ አፉ ሲሄድ ጨብጦ ትንሽ መቆየት ወይም ሌላ ነገር መያዝ ይችላል። ሳይጠባ የዋለበት ቀን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ኮከብ ይሣልለታል። ሲረሳና ሲጠባ ወቀሳ የለም፤ ባዶ ቦታ ብቻ ይቀራል። የእንቅልፉ ሰዓት መጨረሻ ላይ ይደረስበታል፤ ፕላስተር ወይም ካልሲ ማድረግም የሚቻለው ልጁ ለማስታወሻ ከፈለገው እንጂ ለቅጣት አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ከ6 ዓመት በላይ ከዘለቀ ወይም ጥርሱ መለወጥ ከጀመረ የጥርስ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ነገ በየአፀደ ሕፃናቱ ለተግባር ልምምድ የምንወጣ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች አደራ አለብን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ጣቱ ላይ ሚጥሚጣ የተቀባ ልጅ ብናይ «ባህላችን ነው» ብለን የምናልፈው መሆን የለበትም። ለሞግዚቷም፣ ለእናቲቱም፣ ለአያቲቱም በትሕትና እናስረዳ። ከሁሉ በፊት ግን ራሳችን ደረጃ ላይ ያገኘናትን ሚሚ ስለ ጣቷ ሳንነካካ «እንደምን አደርሽ?» ብለን እንለፍ።