በሌሊት ራሱን የሚመልስ ሰዓት

ልጃቸውን ሊያርሱ ጀርመን የሚሄዱ እናቶች ከሚገረሙባቸው ዕቃዎች አንዱ የራስጌ ሰዓት ነው። ማታ በእኛ አቆጣጠር አስተካክለውት ይተኛሉ፤ ጠዋት ሲነሱ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ተመልሶ ያገኙታል። የነካው ሰው የለም።

እዚያ አገር ብዙው ሰዓት በሬዲዮ የሚታረም ነው። ውስጡ ያው የባትሪ ሰዓት ነው፤ ብቻውን ቢተው በወር ጥቂት ሰከንዶች ይስታል። ስለዚህ ትንሽ አንቴና አለው። ፍራንክፈርት አቅራቢያ ከማይንፍሊንገን በ77.5 ኪሎኸርዝ የሚተላለፍ ምልክት በየሰከንዱ ትር እያለ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰዓቱንና ቀኑን ይናገራል። የደቂቃው መጨረሻ ላይ አንዲት ትርታ ይዘላል፤ ከዝምታው በኋላ የምትመጣው አዲሱን ደቂቃ ትከፍታለች። (የልብ ምት ስንቆጥር ለኖርን ነርሶች ይህ ደስ ይላል።) ሰዓቱ በአብዛኛው የሚያዳምጠው ሌሊት፣ ሞገዱ ጥርት ብሎ ሲሰማ ነው።

ምልክቱን የሚመሩት አቶሚክ ሰዓቶች ናቸው። «አቶሚክ» ሲባል ቦምብና ጨረር ትዝ የሚላችሁ አትስጉ። የሚሠሩበት ሲዚየም 133 ጨረር አያወጣም፤ ለካንሰር ሕክምና ሲያገለግል የምናውቀው ሲዚየም 137 ሌላ ነው። የሲዚየምን አተም ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ማይክሮዌቭ ርግብግቢቱ አይለወጥም። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 9,192,631,770 ጊዜ ሲርገበገብ አንድ ሰከንድ ይባላል። የራስጌው ሰዓት ግን ሲዚየም የለውም፤ ወሬውን ብቻ ነው የሚሰማው።

እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። የግፊት ክኒናቸውን ጠዋት 2 ሰዓት የለመዱ እናት ሰዓቱ 8 ሲላቸው «አለፈኝ» ብለው ሊተዉት፣ ወይም ግራ ገብቷቸው ሊደግሙት ይችላሉ። በመጋቢትና በጥቅምት ደግሞ ሰዓቱ በራሱ አንድ ሰዓት ይዘላል ወይም ይመለሳል። ልጆች፣ ለእናታችሁ ሬዲዮ የማይሰማ ርካሽ ሰዓት ግዙና በእሳቸው አቆጣጠር ሙሉላቸው።

ያንኑ የሬዲዮ ሰዓት በሻንጣ ይዘው ለሚመጡም አንድ ነገር ልበል። ምልክቱ የሚደርሰው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ5,000 በላይ ትርቃለች። ባትሪ ሲቀየርለት የአንዳንዱ ጠቋሚዎች በራሳቸው ዞረው 12 ላይ ይቆሙና ምልክቱን ይጠብቃሉ። አልተበላሸም። በእጅ ከሞላችሁት በኋላ ይሄዳል፣ እንደማንኛውም የግድግዳ ሰዓት።