ፍግ ብቻውን አሳ አያሳድግም

«ለእህል እምቢ ያለ መሬት ለአሳ ይሆናል፤ ኩሬ ቆፍር፣ ፍግ ጨምር፣ ካርፕ ልቀቅበት» የሚል ምክር አለ። ቀላልና ርካሽ ስለሚመስል ብዙዎች ይቀበሉታል። ለደከመ አፈር ግን ጎደሎ ምክር ነው፤ የጎደለውን የሚከፍለው ደግሞ መካሪው ሳይሆን ጉልበቱን ያፈሰሰው ገበሬ ነው።

ካርፕ ፍግ በልቶ አይደልብም። ፍጉ ሲበሰብስ የሚለቀው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ውሃው ውስጥ ዋቅላሚ ያበቅላል፤ ዋቅላሚውን እየበሉ ደቃቅ ነፍሳት ይራባሉ፤ ጭቃው ውስጥም ትል ይፈላል። ካርፑ ወለሉን እየማሰ የሚለቅመው ይህንን ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ቅርጫት ፍግ እንደተደፋ ሳይሆን ምን ያህሉ የአሳ ምግብ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ አፈሩ ይፈርዳል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ አዊና ወለጋን የመሰሉ ዝናባም ደጋማ አካባቢዎች ችግሩን አሳምረው ያውቁታል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ይዘው ያስቀሩታል። ውሃው አረንጓዴ አይሆንም፤ አሳውም እንደቀጨጨ ይቀራል። ያኔ «ፍግ ጨምርበት» ይባላል። ከዚህ የከፋ ምክር የለም። የተከመረው ፍግ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ጎህ ሲቀድ አሳው ላይ ላዩን አፉን እየከፈተ ይታያል፤ ካልተደረሰለትም ያልቃል።

መቅደም ያለበት ኖራ ነው። ውሃ ከመግባቱ በፊት የኩሬው ወለል አፈር ይመርመር፤ አሲዳማ ከሆነ የእርሻ ኖራ ይበተንበት፤ ፍጉ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ እስከ ክርን የተነከረ እጅ መዳፉ ካልታየ ፍግ መጨመር ይቁም። ምንጭ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚፈስበት ኩሬም ኖራውንም ፍጉንም አጥቦ ይሸኛል፤ የተነነውንና የሰረገውን የሚተካ ውሃ ይበቃዋል።

«ኖራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ፍግ ግን በነፃ ይገኛል» የሚሉ አሉ። እበት በደገኛው ቤት መቼ ነው ነፃ የሆነው? ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋገርበታል፤ የተረፈው ጓሮ ያለማል። ገለባ ብቻ የምትበላ ላም እበት ራሱ ንጥረ ነገር ያጥረዋል፤ የዶሮ ኩስ ይሻላል። ከምድጃና ከማሳ ቀምቶ ምንም በማያበቅል ጭቃ ላይ መድፋት ብክነት ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ የሚያስፈልገው ኖራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኩንታል አይበልጥም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር አሳን ወደ ገበሬው ማዕድ ለማድረስ መነሳቱ የሚደገፍ ነው። ሥራው መመዘን ያለበት ግን በተቆፈረ ኩሬና በተለቀቀ የአሳ ጫጩት ብዛት ሳይሆን ከኩሬው በወጣው አሳ ኪሎ ነው። አፈሩ ሳይመረመርና ኖራ ሳይቀርብ ገበሬን «ቆፍር» ማለት ይቁም።