የበርበሬ ቀለም ለምን ይደበዝዛል? ዓለም ወደ ተፈጥሮ ቀለም ሲመለስ አርሶ አደሩ ምን ያተርፋል?

ባሕር ዳር፦ በበርበሬ ገበያ የመጀመሪያው ዳኛ ዓይን ነው። ነጋዴው ዛላውን አንስቶ ያገላብጣል፤ ደማቅ ከሆነ ጥሩ ዋጋ ይጠራል፤ ገርጥቶ ካገኘው ይቀንሳል። አርሶ አደሩ ወራት የደከመበት ምርት በዚያች ቅጽበት ይመዘናል። ስለዚህ የበርበሬ ቀለም ጸንቶ መቆየቱ ወይም መደብዘዙ ከውበት ይልቅ የገቢ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከአካባቢ ገበያ ያለፈ ትርጉም ይዟል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር “ቀይ ቁጥር 3” የተባለው ሰው ሠራሽ ቀለም በምግብና በሚዋጡ መድኃኒቶች ውስጥ እንዳይጨመር ጥር 7/2017 ዓ.ም ወስኗል። ምግብ አምራቾች ቀለሙን ከምርታቸው እንዲያወጡ እስከ ጥር 7/2019 ዓ.ም ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠሩ ሌሎች የምግብ ቀለሞችም ከገበያ እንዲወጡ ከአምራቾች ጋር እንደሚሠራ አስታውቋል። በምትካቸው ከሚፈለጉት መካከል ከቀይ ሥር፣ ከእርድ፣ ከካሮትና ከበርበሬ የሚወጡ ቀለሞች ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን ወደ ሰው ሠራሽ ቀለም ያዘነበሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ሠራሽ ቀለም በአብዛኛው ርካሽና ጽኑ ነው። የተክል ቀለም ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠላት አለው። የከርከዴ ቀይ ቀለም በአሲድ ይኖራል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይደምቃል፣ ሶዳ ሲነካው ይለወጣል። የቀይ ሥር ቀለም ሙቀት ሲበዛበት ይፈራርሳል። የእርድ ቢጫ የእሳትን ሙቀት በመጠኑ ይችላል፤ ብርሃንን ግን አይችልም። እርድ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታሽ ወደ ቀይ የሚለወጠው፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ እየጠፋ የሚሄደው በዚሁ ጠባዩ ነው።

የበርበሬ ዋና ቀይ ቀለም ካፕሳንቲን ይባላል። ለካሮት ቀለም ከሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ያለው ሲሆን ቀዩን ቀለም የሚፈጥረው የዚህ ሰንሰለት አሠራር ነው። ኦክስጅን ሰንሰለቱን ሲበጥሰው ቀለሙ አብሮ ይጠፋል። ብርሃንና ሙቀት ይህን ጥቃት ያፋጥኑታል። ሙሉው ዛላ ልጣጩ ስለሚከልልለት የተሻለ ይቆያል፤ ሲፈጭ ግን አየር የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ ቀለሙ ፈጥኖ ይሳሳል።

መከላከያውም ከዚሁ ይነሣል። ካፕሳንቲን የሚበዛው ፍሬው በዛፉ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲቀላ ነው። በማብሰሉ ሂደት ቀለሙ ከቅባት አሲዶች ጋር ስለሚተሳሰር ጽናቱም ይጨምራል። በመሆኑም ግማሽ አረንጓዴ የሆነውን ከበሰለው ጋር ለቅሞ ማስጣት የጠቅላላውን ምርት ቀለም ያወርዳል። በባዶ መሬት ላይ ከማስጣት ይልቅ አየር ከሥር በሚያገኝ ቆጥ ላይ ማድረቅ፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው መሸፈን፣ ከደረቀም በኋላ በፀሐይ ላይ አለማቆየት ይመከራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። ፀሐይን ሸሽቶ በርበሬውን እርጥብ ማስቀመጥ የባሰ አደጋ ያመጣል። እርጥበት ያለው ዛላ ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮ ግራም አይበልጥም። ዛላው እንዳይሰባበር ወይም ክብደት እንዲጨምር ተብሎ ውኃ መርጨት ቀለሙንም ጤናንም ገበያንም ያበላሻል።

የከተማው ሸማችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። የተፈጨ በርበሬ ከወራት በኋላ መደብዘዙ በራሱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ የተፈጥሮ ቀለም ባሕርይ ነው። ይልቁንም ሸማቹ ዘወትር ደማቅ ቀለም ብቻ ሲፈልግ ገርጥቶ የቀረውን በርበሬ በባዕድ ቀለም ለማሳመር የሚፈተን ሻጭ ይፈጠራል። በ1995 ዓ.ም አውሮፓ ውስጥ በተፈጨ በርበሬ ላይ “ሱዳን 1” የተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም ተገኝቶ ጥብቅ ቁጥጥር ተጥሏል። በ1997 ዓ.ም ደግሞ በብሪታንያ ይኸው ቀለም ያለባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ወርደዋል።

ጥቂት በርበሬ በንጹሕ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ቀይ ቀለም እየተዘረጋ ከወረደ በውኃ የሚሟሟ ባዕድ ቀለም መኖሩን ሊያመለክት ይችላል፤ የበርበሬ የራሱ ቀለም በውኃ ሳይሆን በቅባት ይሟሟልና። “ሱዳን 1” ግን እርሱም በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ በዚህ ፈተና አይያዝም፤ እርሱን የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ለቤተሰብ የሚሻለው ዛላውን ገዝቶ ለአጭር ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ማስፈጨት፣ የቀረውን ብርሃንና አየር በማያስገባ ዕቃ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማኖር ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ አርሶ አደሩ ምን ያተርፋል? በቡሬ፣ በወንበርማና በጃቢ ጠህናን በርበሬ ዋና የገቢ ምንጭ ነው። በደቡብም የማረቆና የሃላባ በርበሬ ስም አለው። ይሁን እንጂ ምርቱ በአንድ ወቅት ገበያ ሲያጥለቀልቅ ዋጋ ይወርዳል። አርሶ አደሩ ወዲያው ቢሸጥ ይጎዳል፤ ዋጋ እስኪሻሻል ቢያስቀምጥ ይደበዝዝበታል። የቀለም ጽናት ማለት ለእርሱ የመጠበቅ ዐቅም ማለት ነው።

በዓለም ገበያ የበርበሬ ቀለም በመሣሪያ ተለክቶ በቁጥር ይገለጻል፤ ገዥውም በዚያ ቁጥር ላይ ይደራደራል። ህንድና ቻይና ከበርበሬ ቀለሙን በፋብሪካ ጨምቀው በብዛት ይሸጣሉ። በእኛ ገበያ ግን መለኪያው አሁንም የነጋዴው ዓይን ነው። አርሶ አደሩ በጥንቃቄ ለቅሞ፣ በቆጥ አድርቆ ያመጣው በርበሬ መሬት ላይ ከተሰጣው ጋር በአንድ ጆንያ ከተቀላቀለ የድካሙ ዋጋ ይጠፋል።

ስለዚህ ምክር ብቻውን አይበቃም። ዩኒየኖችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በርበሬን በደረጃ ለይተው መረከብ፣ ጨለማና አየር የሚያገኝ መጋዘን ማዘጋጀት፣ የቀለምና የእርጥበት መለኪያ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። የግብርና ባለሙያዎችም ሥራቸው በማሳ ላይ ሳይቆም ከለቀማ በኋላ ያለውን ጊዜ ሊሸፍን ይገባል። ዓለም የተፈጥሮ ቀለም መፈለጉ መልካም ዜና ነው። ጥቅሙ ወደ አርሶ አደሩ ቤት የሚደርሰው ግን ቀለሙን ጠብቆ ላቆየ በርበሬ የተለየ ዋጋ ሲከፈል ነው።