ያላለፉትንም ወደ መድረኩ ጥሯቸው

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ማለፊያውን 50 በመቶ ያመጡት ወደ 49 ሺህ ይጠጋሉ። 8.4 በመቶ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ከቀደሙት ዓመታት ይሻላል፤ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። ስለ ኩረጃው ዘመን፣ ስለ መምህራን ኑሮ፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ100 ተማሪ 92ቱ የማያልፉትን ፈተና እየፈተንን፣ «አርአያ ይሁኗችሁ» ብለን ወደ ትምህርት ቤት የምንጋብዛቸው የቀድሞ ተማሪዎች በሙሉ ከስምንቱ ወገን ናቸው።

አርባ ምንጭ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ የተገኘ ሰው ወጉን ያውቀዋል። ሚኒሚዲያው ከማለዳ ጀምሮ ሞንታርቦውን ይሞክራል። ለእንግዶች ወንበር በድንኳን ጥላ ሥር ይደረደራል፤ ተማሪው የሲቀላ ፀሐይ አናቱን እየበሳው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ሐኪሙ ይነሣል፣ መሐንዲሱ ይነሣል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይነሣል። «እኔም እንደናንተ እዚህ ሜዳ ላይ ተሰልፌ ነበር» ይላል። ጠንክራችሁ አጥኑ፣ ዓላማ ይኑራችሁ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ ወላጆቻችሁን አክብሩ። ይጨበጨባል፤ ፎቶ ይነሣል፤ እንግዶቹ ወደ ምሳቸው ይሄዳሉ። ከተባለው ውስጥ ክፉ ነገር የለም። ነገር ግን ስለ ሥራው ለተማሪው ማንም አልነገረውም። ሐኪሙ ማለዳ ተነሥቶ እስኪመሽ ምን ሲሠራ እንደሚውል፣ መሐንዲሱ ከተመረቀ በኋላ ስንት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እንደቆመ፣ ሥራ አስኪያጁ የጀመረው በየትኛው ወንበር ላይ እንደነበር አይነገርም። የሚነገረው መድረሱ ብቻ ነው፤ መንገዱ ተዘሏል።

ከነዚህ ዝግጅቶች በአንዱ ላይ ንግግር ካደረጉት መካከል አንዲት ነርስ ነበረች። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከ10ኛ ክፍል ሰልፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ማይኩን ሲሰጧት፣ «እህቴ፣ ደመወዝሽ ስንት ነው? ይበቃሻል?» አለች። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። መድረክ መሪው ማይኩን ተቀብሎ «ይሄ የግል ጥያቄ ነው፤ ወደ ሌላው እንለፍ» አለ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

እንደ እኔ እምነት በዚያ ቀን ከተጠየቁት ሁሉ ቁም ነገር የነበረው የሷ ጥያቄ ነው። ነርሷም እንደዚያ ሳታስብ አልቀረችም፤ ዝግጅቱ ሲያበቃ ልጅቷን ከሰልፉ ጠርታ ማንጎው ሥር አስቀመጠቻት፤ ጓደኞቿም ተከትለው ከበቧት። ደመወዟን በብር ነገረቻቸው። ከዚያ ላይ ለቤት ኪራይ የሚሄደውን፣ ለታናሽ ወንድሟ የምትልከውን፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ከማን እንደምትበደር ሳይቀር ዘረዘረችላቸው። ሌሊት ተረኛ ስትሆን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንቅልፍ ሲያሸንፋት ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ አልጋ ለአልጋ እየዞረች ሙቀትና ግፊት እንደምትለካ፣ አንዱን ሕመምተኛ ከዘለለች ጠዋት ሲነጋ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አስረዳቻቸው። «ታዲያ ለምን አትተዪውም?» አለቻት ልጅቷ። «ሥራዬን እወደዋለሁ፤ የማልወደው ኪራዩን ነው» አለቻት። መድረክ ላይ ሳለች ሲያዛጉ የነበሩት ልጆች አሁን መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አፍ አፏን ያዩ ነበር።

ደመወዝ ምስጢር አይደለም። በመስከረም 2018 በተደረገው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻው 11 ሺህ 500 ብር እንደሆነ መንግሥት ራሱ አስታውቋል። የአርባ ምንጭ ተማሪ ሴቻ ላይ አንድ ክፍል ቤት በስንት እንደሚከራይ ከእናቱ ሰምቷል፤ ደምሮና ቀንሶ ማየት አያቅተውም። ሂሳቡን እንዲሠራ ብንረዳው የሚበረግግ ይመስለናል። የሚበረግገውስ ከተመረቀ በኋላ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ብቻውን ሲደርስበት ነው። ያን ጊዜ ምክር ዋጋ የለውም።

መድረክ ላይ የማይነሣው ሌላው ነገር የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። ከተማችን ለዚህ ከማንም በላይ ምስክር አላት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲከፈት ከየክፍለ ሀገሩ የተመደቡት ወጣቶች ሙቀቱንና ወባውን ችለው እዚህ ተማሩ፤ ወጥተውም በአገሪቱ የውሃ መሥሪያ ቤቶች ተበተኑ። ከዚያ ዘመን ምሩቃን አንዱን አግኝቼ አውግቼዋለሁ። የተመኘው ሕክምና ነበር፤ የደረሰው ውሃ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈው አኩርፎ እንደነበር አልደበቀኝም። ሥራውን የወደደው ትምህርት ቤት ሳለ ሳይሆን አንድ ቆላ ወረዳ ውስጥ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ነው። ውሃ ሲፈነዳ ሕዝቡ እልል ይላል፤ ባለሙያው ግን ገና ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ እየሳበ፣ ውሃው ምን ያህል እንደወረደ በባትሪ ብርሃን እየተለካ ይመዘገባል። የሚዘልቅ ጉድጓድና የሚያታልል ጉድጓድ የሚለየው በዚያ ሌሊት ነው። «እኔን መሐንዲስ ያደረገኝ እሱ ሌሊት ነው» አለኝ።

ይህን ሰው 9ኛ ክፍል ውስጥ አስቀምጡልኝ። እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ አባያ ለምን እንደቀላ አንድ ቀን ጠይቋል። መሐንዲሱ መልሱን ከነ ወንዞቹ ያውቀዋል፤ ብላቴ፣ ጊዳቦና ገላና ከደጋው እያጠቡ የሚያወርዱትን ደለል፣ ያ ደለል የማን ማሳ እንደነበር፣ እሱን ለማስቀረት ተዳፋት ላይ ምን እንደሚሠራ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ሲያየው የኖረው ሐይቅ የሥራ መስክ መሆኑን ልጁ ያን ቀን ይሰማል። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አንዱ በአባያ ስም ይጠራል፤ የግቢውን ስም የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነው፣ ሐይቁ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚፈልግ የነገረው ሰው ግን የለም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ለስምንቱ ነው። የቀሩት ዘጠና ሁለቱስ?

ላንቴ ላይ የማውቀው የሙዝ ነጋዴ አለ። በድሮው ሥርዓት የ10ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣም። «ሒሳብ ኤፍ ነው ያመጣሁት» ይላል። ዛሬ ማሳ ውስጥ ቆሞ ዘለላውን በዓይኑ መዝኖ የሚጠራው ኪሎ ሚዛን ላይ ሲወጣ እምብዛም አይዛነፍም። ሙዙ ጥሬውን ይቆረጣል፤ መኪናው ላይ የሙዝ ቅጠል ይነጠፍና እንዳይላላጥ ተደርጎ ይደረደራል፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያ በዝግ ክፍል ውስጥ በነጭ ጋዝ ጭስ ይበስላል። መኪናው መንገድ ላይ አንድ ቀን ከተበላሸ ትርፉ ሄደ፤ ሁለት ቀን ከቆመ መነሻው ሄደ። ለገበሬው በምን እንደሚከፍል፣ ለሹፌሩ ምን እንደሚያስቀድም፣ አዲስ አበባ ያለው ተቀባይ ስልክ ሲዘጋበት ምን እንደሚያደርግ የተማረው በራሱ ገንዘብ እየከሰረ ነው። ተማሪ ቤትህ ጠርቶህ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ምን ብዬ? ወደቅሁ ልበላቸው?» አለኝ።

አዎ፣ እንደዚያ በላቸው። ወደቅሁ፣ ከዚያ በኋላ ይህን አደረግሁ በላቸው። ውጤት በስልክ አይቶ ከቤት ሳይወጣ ሳምንት የሚተኛ ልጅ ባለበት ከተማ፣ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ ንግግር አላውቅም።

ጨንቻ ላይ ደግሞ አፕል ችግኝ የምትሸጥ ሴት አለች። የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በስለት አሹላ፣ የሌላውን ግንድ ሰንጥቃ፣ ቅርፊት ከቅርፊት እንዲገጥም አስተካክላ በላስቲክ ትጠፍረዋለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ግን ስለቱን በየመሃሉ ትወለውላለች፤ ቁስሉ ከቆሸሸ ቀንበጡ እንደሚደርቅ ታውቃለች። 12ኛ ክፍል ተፈትና ነጥቡ አልመጣላትም። ይህን ሙያ ከአንድ የባዮሎጂ መምህር ጎን ቆማ አንድ ክፍለ ጊዜ ብታሳይ፣ ተማሪው ስለ ዕፅዋት ከሰሌዳ ላይ ከሚገለብጠው የተሻለ ይገባው ነበር፤ እሷም ያልሆነላትን ሳትደብቅ የሆነላትን ትነግረው ነበር።

ያልሆነላቸውም ይናገሩ ማለቴ በምክንያት ነው። ከዶርዜና ከጨንቻ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ተወስደው፣ እግራቸውን ከሸማ ጉድጓዱ ሳያወጡ ዕድሜያቸውን የገፉ ሰዎች አሉ። ሽመና ትልቅ ጥበብ ነው፤ ሕፃንን ከትምህርቱ ነጥቆ ድርና ማግ ላይ ማስቀመጥ ግን ጥበብ አይደለም። ከነሱ አንዱ ቀርቦ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ቢናገር፣ ትምህርት አቋርጦ አዲስ አበባ ለመሄድ ልቡ የተነሣውን ልጅ ከመቶ ፖስተር በላይ ይመልሰዋል። ያላለፉትን ስንጠራ «ትምህርት አያስፈልግም» የሚል ዘፈን እንዲዘፍኑ አይደለም። አብዛኞቹ እንዲያውም የሚቆጩት በትምህርታቸው ነው። ሙዝ ነጋዴው ራሱ ልጆቹን የሚያስተምረው እየሳሳ ነው።

አንድ ርእሰ መምህር ይህን ሐሳብ ሳነሣባቸው «ተማሪው ሰነፍ ይሆንብናል፤ መውደቅን እናበረታታለን» አሉኝ። ሥጋታቸው ከልብ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ተማሪውን የሚያሰንፈው ከፊቱ አንድ በር ብቻ እንዳለ፣ ያም በር ለሱ እንደማይከፈት አስቀድሞ ማመኑ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ተስፋ ቆርጦ ከኋላ ወንበር የሚተኛውን ልጅ የሚያነቃው የባንክ ሥራ አስኪያጁ ከረባት አይደለም።

ጋሞ ለዚህ የሚሆን ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አላት። ዱቡሻ ላይ ነገር የሚወጣው በግልጽ ነው፤ ሰው በተራው ይናገራል፣ ይደመጣል፣ ጉዳዩ እስኪስማማ ይመከርበታል። ይሁንና ያው ዱቡሻ በቀደመው ሥርዓት ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን እኩል አያስቀምጥም ነበር። በእጃቸው የሚሠሩት ከውጭ ቆመው የሚያዩ ነበሩ። ያን ጉድለት ዛሬ የሚከላከልለት የለም። ታዲያ ትምህርት ቤታችን በዘመናዊ መድረኩ ላይ ያንኑ እየደገመው መሆኑ ለምን አይታየንም? ጫማ የሚሰፋው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ዓሣ ገፎ የሚሸጠው የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ በዓመቱ ዝግጅት ቀን ግን ከአጥር ውጭ ነው።

ሲጠሩ ደግሞ በጊዜው ይጠሩ። ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍልን ተማሪ ሰብስቦ ስለ ሙያ ምርጫ መናገር የጊዜ ብክነት ነው፤ ልጁ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ የተለየው ወደ 11ኛ ሲያልፍ ነው። ሰዎቹን 9ኛና 10ኛ ክፍል አምጧቸው፤ በሜዳ በሞንታርቦ ሳይሆን በየክፍሉ፣ መሣሪያቸውን ይዘው። ጋሞኛ የሚቀልላቸው በጋሞኛ ይናገሩ፤ ወላጆችም ይምጡ፣ ምክንያቱም «ልጄ ዶክተር» የሚለው ምኞት የሚጀምረው ከቤት ነው።

የገንዘቡም ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛው ለእንዲህ ያለ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያገኛል፤ ከሩቅ ከመጣ አበልም ሊኖረው ይችላል። ችግኝ ሻጯ ግን ከገበያዋ ከቀረች የዚያ ቀን ገቢ የላትም፤ ከጨንቻ አርባ ምንጭ የምትወርድበት ትራንስፖርትም አለ። ለድንኳንና ለሞንታርቦ ኪራይ የሚወጣው ብር ለሷ የቀን ገቢና ለትራንስፖርቷ ይሁን።