ቤት ስለ ለወጠች ድመት

ሰው ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር አልጋውንና ሣጥኑን፣ ድስቱንና ምጣዱን ቈጥሮ ይጭናል። ድመቲቱን ግን የሚያስባት በመጨረሻ ነው። ያን ጊዜም አንዱ ልጅ ሮጦ ይይዛትና በጆንያ ከትቶ፣ አፉን አስሮ ከዕቃው ላይ ይጥላታል። ከአዲሱ ቤት በደረሱ ጊዜ ጆንያውን በደጅ ፈትተው፣ «ሂጂ፤ እንግዲህ አገርሽ ይህ ነው» ይሏታል። እርስዋም እንደ ቀስት ተወርውራ ትሸሻለች፤ ብዙ ጊዜም አትመለስም። ከዚህ በኋላ ሰዎቹ፣ «ድመት ውለታ አታውቅም፤ ቤቱን እንጂ ጌታዋን አትወድም» እያሉ ይወቅሷታል። ይህ ወቀሳ ግን ፍርድ የጐደለው ነው። የበደለው ጊዜው ሳይደርስ ጆንያውን የፈታው ሰው ነው እንጂ ድመቲቱ አይደለችም። ሌሎችም ደግሞ «ድመት የቤቱ ናት» ብለው በቀድሞው ቤት ትተዋት ይሄዳሉ። ባዶ ቤት ግን አያበላም፤ በኋላ የሚገባበትም ሰው ድመት የሚጠላ ሊሆን ይችላል።

ሰው አገሩን በዓይኑ አይቶ ያውቃል፤ ድመት ግን ይልቁን በአፍንጫዋ ታውቃለች። በጉንጭዋና በግንባርዋ፣ በመዳፍዋም ሥር ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች አሏት። ጉንጭዋን ከበሩ መቃንና ከወንበሩ እግር ጋር ስታሻሽ ሰዎች የምትቈላመጥ ይመስላቸዋል። መቈላመጥም አለበት፤ ነገር ግን በዚያው የራስዋን ምልክት መተውዋ ነው። ያ ምልክት ባለበት ስፍራ በሰላም ትተኛለች። በአዲሱ ቤት ግን እንዲህ ያለ ምልክት አንድ ስንኳ አታገኝም፤ ግድግዳውም ወለሉም ሁሉ ባዕድ ነው። ስለዚህ ወዲያው ብትለቀቅ የቀድሞ ቤትዋን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ቤቱ ሩቅ እንደ ሆነም በመንገድ ትጠፋለች።

ይህም ጠባይዋ ጥንታዊ ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል የሆነው መቃብር በተቈፈረ ጊዜ፣ ከሰው አጠገብ ድመት ተቀብራ ተገኝታለች፤ ወሬውም በ2004 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ለዓለም ተነገረ። ሰው እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትላ ድመት መጣች። የውሻ አባቶች በመንጋ ይኖሩ ነበርና ውሻ ጌታውን ይከተላል። የድመት አባት የሆነው የአፍሪካ የዱር ድመት ግን ለብቻው የሚያድን አውሬ ነው። እንዲህ ላለው ፍጥረት የሚያውቀው ስፍራ እንደ ጋሻ ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ፎቅ ቤት ሦስተኛ ደርብ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ውሮ የምትባል ድመት ነበረቻቸው። ከግልገልነትዋ ጀምሮ እግርዋ አፈር ረግጦ አያውቅም፤ ወፎችንም የምታያቸው በመስኮት ነበር። ኋላም ቤተ ሰቡ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወሩ፤ በዚያ የሚኖሩት አያት አርጅተው ነበርና። ቤቱ ሰፊ ግቢ ያለው ነው፤ በጓሮውም የገብስ ማስቀመጫ አለ። አይጡም ብዙ ነበር።

አያቲቱ ድመቲቱን ባዩ ጊዜ ደስ አላቸው። ነገር ግን ልጅቱ በአንዲት ጠባብ ክፍል አስገብታ በሩን በዘጋችባት ጊዜ ተቈጡ።

«ይህች ድመት የመጣችው ልትጦር ነውን? አይጡ ገብሱን እየጨረሰው ነው፤ ልቀቂያት» አሏት።

«እማማ፣ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ። አሁን ብንለቃት ወዴት እንደምትመለስ አታውቅም» አለች ልጅቱ።

«እኔ ስንት ድመት አሳድጌአለሁ! በር የተዘጋባት ድመት ግን አላየሁም።»

አያቲቱ የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። በገጠር ቤት የተወለደች ድመት ከእናትዋ ጋር በደጅ ታድጋለች፤ የትኛው ውሻ ክፉ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀዳዳ ማምለጥ እንደሚቻል ከእናትዋ ትማራለች። ውሮ ግን ይህን የሚያስተምራት አላገኘችም። ለአንዲቱ የሚበቃው ለሌላይቱ አይበቃም።

ልጅቱም የድመቲቱን አሮጌ ብርድ ልብስ ሳታጥብ አነጠፈችላት፤ ቢታጠብ የቀድሞው ቤት ሽታ ይጠፋ ነበርና። ውኃና የአሸዋ ሣጥንም አኖረችላት። ድመቲቱ ሁለት ቀን ከአልጋ ሥር ሳትወጣ፣ እህልም ሳትቀምስ ቈየች። ልጅቱ ግን በእግርዋ ይዛ አልጐተተቻትም፤ በወለሉ ላይ ተቀምጣ ትምህርትዋን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብብ ነበር እንጂ። በሦስተኛው ሌሊት ምግቡ ተበልቶ ተገኘ። ከሩቅ አገር ወደ ትምህርት ቤት የመጣ አዲስ ልጅም በመጀመሪያው ሳምንት ጥግ ይዞ ዝም ቢል፣ ባልንጀሮቹ «ኵሩ ነው» ወይም «ደደብ ነው» ሊሉት አይገባም፤ ከአጠገቡ ተቀምጠው ቢያነብቡ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ክፍል አንድ በአንድ ተከፈተላት። ሁልጊዜም ከመብልዋ በፊት ልጅቱ ሳሕኑን በማንኪያ እየመታች፣ «ውሮ፣ ውሮ» ብላ ትጠራት ነበር። ይህ ሦስት ሳምንት ያህል ቈየ። በዚህ ጊዜ ሁሉ አይጦቹ ጆንያውን ይበሱ ነበር፤ አያቲቱም ቀዳዳውን በወስፌ እየሰፉ ያጕረመርሙ ነበር። ትዕግሥት ያለ ዋጋ አይገኝም፤ የዚህኛው ዋጋ ጥቂት ገብስ ሆነ። ሆኖም ጠፍታ የቀረች ድመት አንድም አይጥ አትይዝም።

ከመውጣትዋም አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አስወጓት። ይህ በሽታ ከተነከሰ እንስሳ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ማዳን እጅግ የማይሆን ነገር ነው። ከንክሻ በኋላ ሰውን የሚያድነውን ክትባት ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1885 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በአንድ ልጅ ላይ ሞክሮ አሳይቶአል። ደግሞም አባትየው ጎረቤቶቹን ስለ አይጥ መርዝ ጠየቀ። መርዝ የበላውን አይጥ የበላች ድመት ራስዋ ልትሞት ትችላለችና፣ መርዝንና ድመትን ባንድ ግቢ ማኖር ሞኝነት ነው።

የተመረጠው ቀን ዝናብ የሌለበት ነበር፤ ሰዓቱም ማለዳ፣ ድመቲቱ ገና ሳትበላ ነው። የተራበች ድመት ጠሪዋን ትሰማለችና። ልጅቱ አቅፋ አላወጣቻትም፤ በሩን ከፍታ ፈቀቅ አለች። ተሸክመው ያወጧት ድመት የመጣችበትን መንገድ በእግርዋ አታውቀውም። ውሮ በደፉ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ አየሩን አሸተተች። በዚያን ጊዜ አንዲት ዶሮ ክንፍዋን ብታማታ ደንግጣ ከአልጋ ሥር ገባች። በሩም በስተኋላዋ ተከፍቶ ስለ ነበረ መግቢያ አላጣችም። የዚያ ቀን ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር። በማግሥቱ እስከ ባሕር ዛፉ ደረሰች፤ ማንኪያው በተመታ ጊዜም ተመለሰች። እንዲህ እያለች በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ግቢውን ሁሉ በጉንጭዋ አሻሽታ የራስዋ አደረገችው። ሲመሽ ግን ሁልጊዜ ትገባለች፤ ሌሊት የውሻና የጅብ ነውና።

የመጀመሪያውን አይጥ የያዘችው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ እርሱም እጅግ ትንሽ ነበር። አያቲቱ አይተው ሳቁ። አሁን ፀሓይ ጠልቃ ድመቲቱ የዘገየች እንደ ሆነ፣ ነጠላቸውን ደርበው ከደፉ ላይ ቆመው ሳሕኑን በማንኪያ የሚመቱት እርሳቸው ናቸው።